አራት ጣት

የነፍስ አባቴ ስለ እኔ ብዙ ያውቃሉ። ጾም መግደፌን ያውቃሉ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሁለት ዓመት ሳንነጋገር መክረማችንን ያውቃሉ፤ ያስታረቁንም እሳቸው ናቸው። ይህን ግን አያውቁም። ሚስቴም አታውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአፌ አልወጣም። ንስሐ ልገባ ሄጄ እንኳ ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ እየዋጥኩት፣ በምትኩ ቀለል ያለ ኃጢአት ተናግሬ ስመለስ ኖሬያለሁ። ዛሬ የምጽፈው ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። ባለፈው ሳምንት አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ፊቴ ቆማ የተናገረችው ነገር መሸሸጊያ ስላሳጣኝ ነው።

ሳልዞር ልናገረው። የጓደኛዬን የሙህዲንን ግራ ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በእኔ ቡጢ መጥፋቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሱ የተደበቀ አይደለም። የተደበቀው አደጋ አለመሆኑ ነው። እኔ ነኝ ያደረግሁት። አስቤ፣ የሚመች ሰዓት ጠብቄ፣ በገዛ እጄ።

ስሜ ቢኒያም ነው። ቀን ቀን አየር ጤና አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነኝ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ ኮልፌ፣ ከብረት በያጆቹ ጀርባ ባለች አዳራሽ ማርሻል አርት አስተምራለሁ። ልጆቹ ማስተር ይሉኛል። ወላጆች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ልጃችንን ሰው አደረግህልን» እያሉ ይመርቁኛል። እኔም አሜን እላለሁ። አሜን ለማለት ሰንፌ አላውቅም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ አንድ ቡጢ ልንገራችሁ። የእኛ አሰልጣኝ ማስተር ደበበ ከሁሉ አስቀድመው የሚያስተምሩት የፊት እጅ ቀጥታ ቡጢን ነበር። ሌላ ቦታ ጠንካራው እጅ ኋላ ይቀመጣል፤ እሳቸው ዘንድ ጠንካራው እጅ ፊት ይቆማል። ቡጢው ጋደም አይልም፤ አውራ ጣት ወደ ላይ ሆኖ እንደቆመ ይሄዳል። ክርን ከጎድን አይርቅም። ትከሻ ቀድሞ አይነቃነቅም፣ ፊት አይኮማተርም፣ እጅ ለመንደርደር ወደ ኋላ አይሳብም። ካለበት ተነስቶ በአጭሩ መንገድ ወደ አፍንጫ ይሄዳል፤ በሄደበት ይመለሳል። «እጅ ከእግር ይቅደም» ይሉን ነበር። «ሐሳብህን ሰውዬው ከእጅህ በፊት ካየው አልመታኸውም፤ ደብዳቤ ነው የላክህለት።» ስድስት ወር ያንኑ ብቻ ነው የተማርነው። በክር የተንጠለጠለ ጋዜጣ ስንመታ ውለን ስንመታ እናመሽ ነበር።

ከዚያ የዓይን ልምምድ ይመጣል። አንዱ ሁለት እጁን አውርዶ ይቆማል፤ ሌላው በሙሉ ፍጥነት ወደ ፊቱ ይወረውራል። የቆመው ዓይኑን መጨፈን የለበትም። እንዳይጎዳ ርቀቱ አስቀድሞ ይለካል። የሚመታው ክንዱንና ትከሻውን እስከ መጨረሻው ይዘረጋል፤ የሚቆመው በቡጢውና በአፍንጫው መካከል የራሱን አራት ጣት ያስገባል። ልክ ሲሆን በሚመታው የፊት እግር ጫፍ ላይ በጠመኔ መስመር ያሰምራል። ያን መስመር እስካላለፈ ድረስ የፈለገውን ያህል ይፍጠን፣ ቡጢው አራት ጣት ሲቀረው ያልቃል። የማስተር ደበበ ሕግ አንድ ነበር፦ የሚለካውም፣ የሚያሰምረውም፣ የሚያጠፋውም የሚቆመው ሰው ነው። «አፍንጫው የማን ነው? የእሱ ነው። እንግዲያው ጠመኔውም የእሱ ነው» ይሉ ነበር። የሚመታ ሰው ጠመኔ አይነካም።

እኔ ነካሁ።

ሙህዲን ወደ አዳራሹ የመጣው ከእኔ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው። አባቱ ልብስ ሰፊ፣ እሱም ልብስ ሰፊ፤ ሱቃቸው ከአዳራሹ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። አቋቋም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ክርኑን ከጎድኑ እንዳያርቅ በብብቱ ጋዜጣ አስይዤ ያለማመድኩት እኔ ነኝ። ዓመት ሳይሞላው በለጠኝ። እጁ ሲነሳ አታየውም፤ የምታየው ሲመለስ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ዓይኑ ነበር። የፈለገ ሰው ይወርውርበት፣ እሱ አይጨፍንም። ፈገግ ብሎ ያይሃል።

እኔ እጨፍን ነበር። ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት፣ ሦስት ዓመት ተለማምጄም ሁልጊዜ እጨፍን ነበር። አንድ ቀን ሙህዲን ወርውሮብኝ ሲያበቃ «ወይኔ ቢኒ! አንተ እኮ ፍሬቻ ነህ፤ ወዴት እንደምትታጠፍ ንገረንና መንገድ እንልቀቅልህ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ማስተር ደበበ ሳይቀሩ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። እንደ መኪና መታጠፊያ መብራት ብልጭ ድርግም ስለምልና መካኒክም ስለሆንኩ ስሙ ልክክ አለ። በሳምንቱ ጋራዥ ደረሰ፤ በወሩ የታክሲ ረዳቶች ከፌርማታ «ፍሬቻ! ጦር ኃይሎች ነህ?» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። ሙህዲን ክፋት አልነበረበትም። ጨዋታ ያውቅ ነበር፤ በራሱም ይቀልድ ነበር። እኔም ከሰው ጋር እስቅ ነበር። ቤቴ ስገባ ግን መስታወት ፊት ቆሜ ራሴ ላይ እወረውር ነበር፤ እዚያም እጨፍናለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ፈለግሁ። አንድ ቀን፣ ሰው እያየ፣ ሙህዲን ሲጨፍን። ይኸው ነው። ለዚህ ነው ሰው ዓይን ያጣው። በሴት ተጣልተን ቢሆን፣ በርስት ተካስሰን ቢሆን እንኳ ለሰው ይነገራል። እኔ የምናገረው ምን አለኝ? «ሳቀብኝ» ነው የምለው?

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ከሌላ ሰፈር አሰልጣኞች ሊያዩን መጥተዋል። ማስተር ደበበ ለዓይን ልምምዱ እኔን መቺ፣ ሙህዲንን ቋሚ አደረጉን። ሙህዲን ሲሚንቶው የተሰነጠቀበት ላይ የእግሩን ጣት አስተካክሎ ቆመ፤ እኔ ክንዴን ዘረጋሁ፤ አራት ጣቱን አስገባ፤ ጎንበስ ብሎ መስመሩን አሰመረ። እንግዶቹ ገና ውጭ ነበሩ። የከሰዓቱ የአስር ሶላት ደርሶ ስለነበር ጠመኔውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠና ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ሰጠኝ። «ያዝልኝ፣ አሁን መጣሁ» አለኝ። ሁልጊዜም የሚሰጠው ለእኔ ነበር። ጃኬቱን ጥግ ላይ አነጠፈ።

ማስተር ደበበ እንግዶቹን ሊቀበሉ ወጥተዋል። ሌሎቹ ወደ ውጭ እያዩ በሩ ላይ ተኮልኩለዋል። እኔ ብቻዬን ነኝ። ሙህዲን ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሳለ መስመሩን በጫማዬ አጠፋሁት። ጠመኔውን አነሳሁና አራት ጣት ወደ ፊት አዲስ አሰመርኩ። አራት ጣት እላለሁ እንጂ አልለካሁትም፤ በዓይኔ ነው። አምስት ሊሆን ይችላል። በግራ እጄ የእሱን ሰዓት ይዣለሁ፤ በቀኜ እያሰመርኩ ነው። ቡጢው አፍንጫውን ቢነካው ይደነግጣል፣ ይጨፍናል፣ ሰው ይስቃል፣ አበቃ፤ ያሰብኩት ይህን ነበር። ለራሴ የነገርኩት ይህን ነበር ብል ይሻላል።

ሶላቱን ጨርሶ መጣ። ዕረፍት ከተወሰደ እንደገና መለካት ሕግ ነው። መስመሩን አየት አደረገና «ለክተናል አይደል?» አለኝ።

«ለክተናል» አልኩት።

አመነኝ። እጁን አውርዶ እዚያው ስንጥቁ ላይ ቆመ። እንግዶቹ ገቡ። ማስተር ደበበ «ጀምር» አሉ።

አሁን ደግሞ የባሰውን ልናገር። መስመሩ ብቻውን ቢሆን ምናልባት አፍንጫውን ይነካው ነበር። እኔ ግን ከኋላ ተረከዜ ገፋሁ፤ ትከሻዬን ሲለካ ከነበረው በላይ ላክሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ቀጥታ ቡጢ ወርውሬ አላውቅም። ደብዳቤ አልላክሁም። ከአፍንጫው ጎን ሄዶ ግራ ዓይኑ ላይ አረፈ። ያን ቀን እኔም አልጨፈንኩም፤ ሁሉን አየሁት። እሱም አልጨፈነም። ዓይኑ ክፍት ነበር። ቢጨፍን ኖሮ ምናልባት ይተርፍለት ነበር፤ ሐኪም ጠይቄ አላውቅም፣ መልሱን ስለምፈራ።

በጉልበቱ ወደቀ። ማስተር ደበበ ሮጠው መጡ፤ መጀመሪያ ያዩት የእኔን እግር ነው። ጫማዬ ከመስመሩ በስተኋላ ነበር። «መስመር አላለፈም» አሉ ለእንግዶቹ። ሁሉም ወደ ሙህዲን ዞሩ። ዓይኑን በመዳፉ እንደሸፈነ «እኔ ነኝ መሰለኝ ማስተር፤ ወደ ፊት ተንቀሳቀስኩ መሰለኝ» አለ።

ዝም አልኩ። አፌን ከፍቼ መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። ሰዓቱን እጁ ላይ አሰርኩለትና አቅፌ ቤቱ ወሰድኩት።

በሦስተኛው ቀን «በግራ በኩል ጥላሸት የመሰለ ነገር ይወርድብኛል» አለ። ሐኪም ቤት የዓይኑ የውስጥ መጋረጃ ተላቅቋል ተባለ። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ አልተሳካም። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር።

አባቴ የጎጃም ሰው ነው፤ ሰው ጎድቶ ቤት መቀመጥ አይገባውም። ሦስት ሽማግሌ ላከና እርቁ ከጉዳቱ በአርባኛው ቀን እንዲሆን ተቆረጠ። እንደ ሀገሩ ወግ ድንጋይ አንገቴ ላይ አድርጌ የሙህዲን ቤት ደጃፍ ላይ ተንበረከክሁ። እናቱ እትዬ ሩቂያ ሲያዩኝ አለቀሱ። «ምን ይሠራልሃል ልጄ ድንጋይ? አላህ የጻፈው ነው። አንተም የእኔው ልጅ ነህ፣ ተነስ» አሉኝ። ድንጋዩን ሊያወርድልኝ የመጣው ራሱ ሙህዲን ነው። እጁን ሲሰድ ድንጋዩን ስቶ አየር ያዘ። በአንድ ዓይን ርቀት አይታወቅም። ሁለተኛ ሞከረና አገኘው።

ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው ጋሽ ወልዴ ነበሩ። ከመሳሳማችን በፊት አጠገቤ ተቀምጠው «ስማኝ ልጄ» አሉኝ። «በሆድህ ያስቀረኸው ነገር ካለ ዛሬ አውጣው። ሆድ ውስጥ ነገር ቀርቶ የተደረገ እርቅ፣ እርቅ አይባልም።» ቤቱ ሙሉ ሰው ይመለከተኛል። እትዬ ሩቂያ ያዩኛል። ሙህዲን በደህናው ዓይኑ ያየኛል።

«የለኝም ጋሼ» አልኩ።

ሙህዲንን ደግሞ ጠየቁት። «እኔ ነኝ ጥፋተኛው፤ የተንቀሳቀስኩት እኔ ነኝ። ቢኒን ለዚህ ስላበቃሁት ይቅር ይበለኝ» አለ። ተነስቶ አቀፈኝ። እኔም ይቅር አልኩት። አዎ፣ እኔ ይቅር አልኩት!  ያጠፋሁበትን ሰው፣ በአደባባይ፣ ሽማግሌ መካከል ተቀምጬ ይቅር አልኩት።

ከሦስቱ የትኛው ይከፋል? ጠመኔው? «ለክተናል»? «የለኝም ጋሼ»? ሌሊት ተነስቼ አመዛዝኜ አውቃለሁ። ጠመኔው የአንድ ደቂቃ ቅናት ነው ልበል። ሦስተኛውን ግን አርባ ቀን አስቤበታለሁ። ያን ቀን የተሰጠው ይቅርታ በአደጋ ሰው ለጎዳ ሌላ ቢኒያም ነው። እኔ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ሙህዲን ወደ ልምምድ አልተመለሰም። ውሃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ የሚያፈስ ሰው እንዴት ቡጢ ይለካል? ስፌቱን ግን አልተወም። የስፌት መኪናውን በእጁ ልምድ ይነዳዋል፤ የሚያቅተው መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ነው። እኔ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ከጋራዥ ስመለስ እገባና መርፌዎቹ ሁሉ ውስጥ ክር አስገብቼ፣ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሰክቼለት እወጣለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት! ሰው ያየኛል፤ «እንዲህ ያለ ጓደኛ ከየት ይገኛል» ይላል። ሙህዲን ሁልጊዜ አንድ ምርቃት አለው፦ «አላህ ዓይንህን ይጠብቅልህ።» አሜን እላለሁ። ማስተር ደበበ ደክመው አዳራሹን የሚረከብ ሲፈልጉ ስለ እኔ ሄዶ የተናገረውም እሱ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በእኛ ተገላቢጦሽ ሆነ። እሱ ረሳው፤ ረሳው ብቻ ሳይሆን በሌላ ተካው። በመጀመሪያው ዓመት «ተንቀሳቀስኩ መሰለኝ» ይል ነበር። በሁለተኛው ዓመት «መሰለኝ» ቀረች። ከዚያ ምክንያቱንም አገኘለት፤ ለሰርግ የተቀበለው ሱሪ አላለቀም ነበርና ከሶላት ሲነሳ ሐሳቡ እዚያ ስለነበር ነው ይላል። ሐሳቡ ሱሪው ላይ ሆኖ አንገቱ ወደ ፊት ሄደ፤ እንደዚህ ነው የሚያወራው። በሌለ ጥፋት ራሱን ሲከስ መርፌ ይዤ ቁጭ ብዬ ሰምቼዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ «ተው» አላልኩትም።

ባለፈው ወር ልጁን ሐያትን ይዟት መጣ። «ካንተ በቀር ለማንም አልሰጣት» አለኝ። ልጅቱ ጎበዝ ናት፤ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ ስትቆም የአባቷ አቋቋም ነው። ባለፈው ሳምንት የዓይን ልምምድ ተራዋ ደረሰ። ለአዲስ ተማሪ መጀመሪያ የምወረውረው እኔ ነኝ። ክንዴን ዘረጋሁ፤ ቀጫጭን አራት ጣቶቿን አስገባች፤ ጎንበስ ብላ መስመሩን አሰመረች። ቆመች። ዓይኖቿ ሁለቱም ሙሉ ናቸው። አየችኝ።

«እንዳትጨፍኚ» አልኳት።

«አልጨፍንም። አልንቀሳቀስምም ማስተር» አለች። «አባዬ ስለተንቀሳቀሰ ነው ዓይኑን ያጣው። ሁልጊዜ ይነግረኛል፤ እንደ እኔ አትሁኚ ይለኛል። እኔ አልንቀሳቀስም፤ ይወርውሩ።»

ክንዴ አልነሳ አለኝ። ጎንበስ ብዬ መስመሯን አየሁ፤ እንደገና አየሁ፤ ለክታው እያለ እንደገና ለኪ አልኳት። ለካች። አሁንም ክንዴ አልነሳም። «ዛሬ ይብቃ» ብዬ ሁሉንም ሸኘኋቸው። ልጅቱ የሠራችው ስህተት ያለ መስሏት አንገቷን ደፍታ ወጣች። በአባቷ የሠራሁት አንሶ በእሷ ደገምኩት።

ከዚያ በቀጥታ ሱቁ ሄድኩ። ልነግረው ነው የሄድኩት። በሩ ላይ ስቆም ቀና ብሎ «ፍሬቻ! በሰዓቱ መጣህ፤ ሦስቱም ክር አልቆባቸዋል» አለኝና መርፌዎቹን ዘረጋልኝ። ዛሬ በዚያ ስም የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነው፤ በፍቅር ነው የሚጠራኝ። ክር አስገባሁለት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። «አላህ ዓይንህን ይጠብቅልህ» አለኝ። አሜን አልኩና ወጣሁ። ፈሪ ነኝ።

ስለዚህ ጻፍኩት። አፌ እንደሚከዳኝ አውቃለሁ፤ ወረቀት ግን አይዋጥም። ነገ በጠራራ ፀሐይ ይዤው እሄዳለሁ። ሐያት ባለችበት እንዲያነበው እፈልጋለሁ፤ ከእሱ የወሰድኩትን ከእሷም ወስጃለሁና። ከእሱ ቀጥሎ የነፍስ አባቴ ይሰሙታል፤ ከዚያ ጋሽ ወልዴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እስከ ዛሬ በሕይወት አሉ። አዳራሹንም የሚረከብ ሌላ ሰው ይፈለግ። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ስለ እኔ አትማልዱልኝ። ወጣት ነበር አትበሉልኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ክር አስገብቶለታል አትበሉልኝ፤ ክሩን ያስገባሁት ላለመናገር ነው።

ሙህዲን፣ ይቅርታ አልጠይቅህም። አንዴ ሰጥተኸኛል፤ የሰረቅሁህም እሱን ነው። ሐሳብህ ሱሪው ላይ አልነበረም። አንገትህ ወደ ፊት አልሄደም። መስመሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አዲሱን ያሰመርኩት እኔ ነኝ፤ ግንባርህ መሬት ላይ ነበር። ለልጅህ እንደ እኔ አትሁኚ አትበላት። ለክተህ፣ አምነኸኝ፣ ዓይንህን ከፍተህ እንደቆምክ ነው የመታሁህ።

አልተንቀሳቀስክም።